በእጅ አይነካም

የጣርማበር ዋሻ ጨለማው ሲያበቃ፣
ብርዱ ጆሯችንን ቆንጥጦ ሲያነቃ፣
አክስቴ እንጉዳይ ነጠላዋን ስባ
«ባዕድ አገር ገባን» አለች አማትባ።
ደብረ ሲና ወልዳ፣ ደብረ ሲና ድራ፣
ስድሳ ሁለት ዓመት አታውቅም ተሻግራ፤
ደብረ ብርሃን ለእሷ ባሕር ማዶ ነው፣
ሰዉ ካፖርት ለብሶም ፀሐይ የሚበርደው።

የወጣነው እንዲህ ነው፦ እህቴ ሶልያና
ከትምህርት ቤት ወረቀት ይዛ መጣችና
«ሥዕል ማየት አለ፣ በነጻ ነው» አለች።
አባቴ ሸዋፈራው
ሦስቴ አስነብቦ «በነጻ»ን አጣራው።

የድሮ የሱፍ መጋዘን፣ ኖራ የተቀባ።
በር ላይ የቆመው ዘበኛ፣ ሰው ሲያስገባ፣
«በእጅ አይነካም» ይላል ለመጣው በሙሉ፣
ሲደጋግም ውሎ ለዝቦበት ቃሉ።

አክስቴ ጫማዋን አወለቀች ደጅ ላይ፣
መቃኑን ሳመችው ግራና ቀኝ ሳታይ።
ዘበኛው አየና ሊናገር አሰበ፤
ተወው።
ጫማዋን አንስቶ ከጥግ ሰበሰበ።

አባቴ ግንበኛ ነው፤ ሥዕሉን መች አየ!
ግድግዳውን እንጂ፣ ድንጋይ እየለየ።
ጠጋ ብሎ አሸተተ፣ በጣት ቆረቆረ፣
«እዚህ ጋ ቸኩሏል፤ መሽቶበት ነበረ።»
«በእጅ አይነካም!» አለው ዘበኛው ከኋላ።
«ግንቡንም?»
አባቴ አፈረ፣ ፊቱ ቀላ።

ሰማያዊ ፈረስ፣ እስከ ኮቴው ድረስ፣
ግድግዳውን ሞልቶት ሳይግጥ ሳይተነፍስ።
«እንዲህ ያለ አለ?» ብላ ሶልያና ስትጠይቅ
«በርዶት ነው» አለቻት አክስቴ፣ ሳትስቅ።

እናቴ ግን የለችም።

እናቴ ደብሪቱ ቆሎ ነው ሥራዋ፤
አውቶብስ ሲቆም ነው የሚጀምር ሩጫዋ።
ከመስኮት ወደ መስኮት፣ አንገቷን አቅንታ፣
ተሳፋሪው ከላይ፣ እሷ ከታች ቆማ።
ሒሳቧ ሳይደርሳት መኪናው ሲነሳ
ስንቴ ተከትላዋለች በባዶ ጣሳ!

ዞሬ ዞሬ አገኘኋት በመጨረሻው ክፍል፣
አንድ ሥዕል ፊት ቆማ፣ ቦርሳዋን ሳትጥል።
ሥዕሉ ሴት ናት።
መስኮት አጠገብ ተቀምጣለች። በቃ።
እጇ ጭኗ ላይ ነው።
አትፈትልም፣ አትለቅምም፣ ልጅ አላቀፈችም፣
ደጁንም አታይም፣ ሰውም አትጠብቅም።

«ታማ ይሆን?» አለችኝ በሹክሹክታ።
«አይመስለኝም» አልኳት።
«ሐዘን ላይ ናት?»
«አይደለችም፣ እማ።»
«እሺ… ታዲያ ማን ፈቀደላት?»

ምን እላለሁ? ከሥር የተጻፈውን አየሁ፤
ዓመተ ምሕረትና የሸራው ስፋት ነው፣
ስለ ፈቃድ የለም።
እናቴ ግን አልሄደችም።
አባቴ ሁለቴ ጠራት፣ አልሰማችም።
አክስቴ ባዶ እግሯን መጥታ አጠገቧ ቆመች፣
ሴትዮዋን ከላይ እስከ ታች አየችና
«የደላት» ብላ አለፈች።

ማታ በሚኒባስ፣ ቁልቁለቱ ሲጀምር፣
ከገደሉ ሥር ጉም ሲወጣ በዝምታ፣
እናቴ መስኮት ዳር፣ እጇን ጭኗ ላይ አኑራ፣
ዓይኗን ሳትጨፍን፣ ከማንም ሳታወራ
ተቀምጣለች።
አባቴ «ቁልፉ ማን ጋ ነው?» ሊላት
እጁን ዘረጋ ትከሻዋን ሊነካት።
ሶልያና ቀደመችው፤
እንደዚያ ዘበኛ ድምጿን አወፍራ
«በእጅ አይነካም» አለችው።

አባቴ እጁን መለሰ፣
ወዴት እንደሚያደርገው ጠፍቶት ጉልበቱን ዳበሰ።
ዋሻው ገባን። ጨለመ።
አንድም ሰው ሳል እንኳ አልሳለ፣ ሕፃንም አላዘመ።

ስንወጣ ሞቅ ያለው የታች ነፋስ ተቀበለን፤
ገና ሳንቆም ሴቶቹ ጣሳ ይዘው ከበቡን።
«ቆሎ! ቆሎ! ትኩስ ቆሎ!»
አንዷ ጣቷን በመስተዋቱ ልታንኳኳ አንስታ
በአየር ላይ ቀረች፤ «ደብሬ! አንቺ ነሽ?» አለች ደንግጣ።

እናቴ አልተነሳችም።
መስኮቱን ቀስ አድርጋ በአንድ እጇ ከፈተች፣
እንደማታውቃቸው ከላይ ወደ ታች እያየች፣
ሣቋን ከንፈሯ ጥግ ይዛ
«ስንት ነው?» አለች።